ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ፏፏቴ፤ የሁለት ሌሊት እንግድነት

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ወደ ቍልቢ የሚጐርፈው ምእመን፥ ከአዲስ አበባና ከአዳማ በኩል የመጣ እንደ ሆነ፥ መተሐራን አልፎ አዋሽ ሰባት ኪሎ እስኪደርስ ድረስ የሚጓዘው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መካከል ነው። በድሬዳዋ የምንኖር ሰዎችም ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ይህንኑ ሥፍራ እናቋርጣለን። አስፋልቱ ፓርኩን ለሁለት ከፍሎታል፤ የባቡሩም ሐዲድ እንዲሁ ያልፍበታል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ መንገደኛ መካከል ከመኪናው ወርዶ በዚያ የሚያድረው እጅግ ጥቂት ነው። የሚበዛው ሰው ሙቀቱን እያማረረ፥ መጋረጃውን ስቦ፥ አንቀላፍቶ ያልፈዋል።

እኛ ባለፈው የትምህርት ዕረፍት ከቤተ ሰባችን ጋር በዚሁ ሥፍራ ሁለት ሌሊት አድረን ተመልሰናል። ያየነውንና የሰማነውን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል የፈለግነው ለመዝናኛ ያህል ብቻ አይደለም። በሚመች አልጋ ላይ ተኝቶ የዱር አራዊትን ማየት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ያ አልጋ የተዘረጋው በማን መሬት ላይ ነው? እንግዳውስ ለአገሩና ለአገሬው ምን ዕዳ አለበት? ይህንን አብረን እንድንመረምር እንወዳለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ድሬዳዋ የመንገደኛን ጠባይ የምታውቅ ከተማ ናት። የተቈረቈረችውም ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ከዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ ጕዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንደኛውን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን ሌሊት በአዋሽ ያድር ነበር። እንግዲህ በአዋሽ ማደር ለድሬዳዋ ሰው የተረሳ ልማድ ነው እንጂ አዲስ ነገር አይደለም።

የተጓዝነው ከባለቤታችን፥ ከሦስት ልጆቻችንና ከአማታችን ጋር ነው። አማታችን ቀድሞ በአዳማ ይኖሩ ስለ ነበር፥ ስለታቸውን ለማድረስ በየዓመቱ ወደ ቍልቢ ሲመጡ ይህን መንገድ ተመላልሰውበታል። ከድሬዳዋ ማለዳ ተነሥተን የደንገጎን ዳገት ወጣን፤ ቍልቢን ተሳልመን፥ ጨለንቆን፥ ሂርናንና ጭሮን አልፈን ወደ ሚኤሶ ቆላ ወረድን። የደጋው የማሽላና የጫት ማሳ ወደ ኋላ ቀርቶ ግራሩና ኩይሳው ሲበዛ፥ ነፋሱም ሞቆ ሲመጣ፥ የስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ እንደ ደረስን ዐወቅን። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን አዋሽ ሰባት ኪሎን ካለፍን በኋላ፥ ከአውራው መንገድ ወደ ደቡብ ታጥፈን በፓርኩ በር ገባን።

ይህ ፓርክ በ1966 ተቋቍሞ በ1969 በዐዋጅ የጸና ነው። ሲከለል ስፋቱ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ከአውራው መንገድ በስተ ደቡብ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ፥ በስተ ሰሜን ደግሞ የፈንታሌ ተራራና የፍልውሃ ምንጮች ይገኛሉ። በደቡብ ጫፍ የአዋሽ ወንዝ ራሱ ድንበር ሆኖ ይፈሳል። ይህ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነገር ግን እንደ ሌሎች ታላላቅ ወንዞች ባሕር አይደርስም። ከጅቡቲ ወሰን አጠገብ አቤ በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ከአገሩ ወጥቶ የማይጠፋ፥ ለገዛ አገሩ ብቻ የተሰጠ ወንዝ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ያረፍንበት ሎጅ የተሠራው ይኸው ወንዝ ከዐለት ወደ ገደል በሚወረወርበት አፋፍ ላይ ነው። ማደሪያዎቹ የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች ሲሆኑ፥ በውስጣቸው ንጹሕ አልጋ፥ አጎበርና መታጠቢያ አለ። ዕለቱ ረቡዕ ስለ ነበር አስቀድመን አሳስበን ሽሮና የአትክልት ወጥ ተሠራልን፤ በጾም ቀን የሚጓዝ ቤተ ሰብም ይህን ቀደም ብሎ ቢናገር ይበጀዋል። ማታ ከሰገነቱ ላይ ተቀምጠን የፏፏቴውን ድምፅ ስንሰማ፥ የቀኑ ሙቀት ተረስቶ ቀዝቃዛ አየር ከገደሉ ይወጣ ነበር። ከሩቅ ጅብ ጮኸ። ታናሺቱ ልጃችን ወደ እናትዋ ተጠጋች፤ አማታችን ግን «ጅብማ የሐረርጌ ጎረቤት ነው» ብለው አሳቁን።

በማግሥቱ ጕብኝቱ የሚጀመረው ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። እንስሳት በማለዳና በሠርክ እንጂ በቀትር ሜዳ ላይ አይታዩምና። የመራን ሰው የፓርኩ ስካውት ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን፥ ጠመንጃውን በትከሻው ያንጠለጠለ፥ ንግግሩ ቍጥብ የሆነ ሰው ነበር። ገና ስንነሣ ሦስት ነገር አስጠነቀቀን፤ እንዳንጮኽ፥ ያለ ፈቃዱ ከመኪና እንዳንወርድ፥ ለዝንጀሮ ምግብ እንዳንወረውር። ምክንያቱን ስንጠይቀው፥ «ምግብ የለመደ ዝንጀሮ ሰው አይፈራም፤ ሰው የማይፈራ ዝንጀሮ ደግሞ ኋላ ልጅ ይነክሳል፤ ከዚያም ይገደላል። የወረወራችሁለት ሙዝ የሞቱ ምክንያት ይሆናል» አለን። ልጆቻችን ከዚያች ሰዓት በኋላ ሙዛቸውን ከቦርሳቸው አላወጡም።

በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ በመጀመሪያ ያየነው ሳላውን ነው። ቀንዶቹ እንደ ጦር ቀጥ ያሉና ረጃጅም፥ ፊቱ በጥቍርና በነጭ የተከፈለ፥ አቋሙ የኰራ እንስሳ ነው። ወንዱም ሴቲቱም ቀንድ አላቸው። መሪያችን ሳላ ያለ ውሃ ብዙ ቀን እንደሚቈይ ነገረን። የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ይህን መርምረውታል፤ በቀትር ሙቀት ጊዜ ሳላ ላቡን እያፈሰሰ ሰውነቱን ከማብረድ ይልቅ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝም ሙቀቱን ለአየሩ ይመልሳል። በዚህም ውሃውን ይቈጥባል። ቆላን በሚመለከት ብዙ እናማርራለን፤ ይህ እንስሳ ግን ሙቀቱን ችሎ መኖርን ተምሮአል።

ከሜዳው ወጥተን ወደ ቍጥቋጦው ስንጠጋ እንሹዎች ከመኪናው ፊት ዘለሉ። እንሹ ከጥንቸል ጥቂት ከፍ የምትል ትንሽ የዱር ፍየል መሳይ ናት። ሁለት ሁለት ሆነው ለምን እንደሚታዩ ልጆች ሲጠይቁ፥ ወንድና ሴት ተጣምረው በአንድ ሥፍራ ዘመናቸውን ሁሉ እንደሚኖሩ ተነገራቸው። አምባራይሌ፥ ከርከሮና ሰጎንም በዚሁ ማለዳ ታዩ። በፓርኩ ውስጥ ከ450 በላይ የአዕዋፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። መሪያችን ብዙዎቹን በድምፃቸው ብቻ ለይቶ ያውቃቸዋል። አዳም ለእንስሳት ሁሉ ስም እንዳወጣላቸው በልጅነታችን ተምረናል። ዛሬ በከተማ ያደገው ልጃችን ግን የአምስት ወፎችን ስም በገዛ ቋንቋው መጥራት ያዳግተዋል። ስሙን የማያውቁትን ነገር መውደድ፥ የማይወዱትንም መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ያ ስካውት ለልጆቻችን ስም ሲያስተምር ከእኛ የመማሪያ ክፍል የማያንስ ሥራ ይሠራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በእግር ወደ ወንዙ ወረድን። ከፏፏቴው በታች ባለው ባሕር ዳር አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ይሞቃሉ። በዚህ ሥፍራ የሊቃውንትን ዓይን የሳበ አንድ ነገር አለ። ከፏፏቴው በላይ በወንዙ ዳር የሚኖረው መደበኛው ዝንጀሮ ሲሆን፥ ከፏፏቴው በታች በደረቁ ገደል የሚኖረው ደግሞ ወንዱ እንደ ካባ ያለ ብርማ ጋማ የሚለብሰው ነጭ ዝንጀሮ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች በሚገናኙበት በዚህ ወሰን ይዳቀላሉ፤ ስለዚህም ከዓለም ዙሪያ የመጡ ተመራማሪዎች ለአያሌ ዓሥርት ዓመታት ሲያጠኑት ኖረዋል። ነጩን ዝንጀሮ የጥንት ግብፃውያን ከጣዖቶቻቸው አንዱን ይመስሉበት ስለ ነበር ሬሳውን በመድኃኒት እያደረቁ ያስቀምጡት ነበር። እንስሳቱም ከእኛው ከአፍሪካ ቀንድ ይወሰዱ እንደ ነበር የዘመናችን ምርምር አመልክቶአል። በሐረርጌ ገደል ላይ ስናየው በድንጋይ የምናባርረው ፍጥረት፥ ሌላው ዓለም ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በመርከብ የሚያስመጣው ነበር ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን አውራውን መንገድ ተሻግረን ወደ ሰሜኑ ክፍል ሄድን። በፍልውሃ ዘንባባዎቹ መካከል ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቶ፥ እንፋሎቱም እየወጣ ይታያል። በዚያ የአፋር እረኞች ከብቶቻቸውን ሲያጠጡ አገኘናቸው። ከወዲያ የቆመው ፈንታሌ ከፍታው 2,007 ሜትር የሆነ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። በ1820 ገደማ ከእግሩ ሥር የፈሰሰው ቅላጭ ድንጋይ ዛሬም ጠቍሮ ይታያል። ተራራው ግን የሞተ አይደለም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣ መሬት ተሰነጠቀ፤ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀው ወጡ። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም በ1960 ገደማ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ጨዋማ ውሃው የግጦሹን መሬት ዋጠ፤ መንገዱንና ሐዲዱንም አስጨነቀ። ለዚህም ባለሙያዎች የመስኖውን ፍሳሽና የምድር ውስጥ ውሃ ፍሰት መለወጥን በምክንያትነት ያነሣሉ።

እንግዲህ የጽሑፋችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ይደርሳል። በሁለተኛው ቀን ሠርክ ወደ ሜዳው ስንመለስ፥ ሳላዎቹ በነበሩበት ሥፍራ የከብት መንጋ ተሰማርቶ አገኘን። ሁለት ልጅ እግር እረኞች በትራቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። ሁለተኛው ልጃችን፥ «አባባ፥ ከብቶቹ ሣሩን ቢበሉ ምን ይሆናል?» ብሎ መሪያችንን ጠየቀው።

«ልጄ፥ ሳላውም የሚበላው ይህንኑ ሣር ነው» አለው። ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ፥ «መምህር፥ እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አባቴ ከብቱን በዚህ ሜዳ ያሰማራ ነበር። ዛሬ ድርቅ ሲሆን ከብት ይዞ የሚገባው የወንድሜ ልጅ ነው፤ የማስወጣውም እኔ ነኝ። ደመወዜ በዚህ በኩል፥ ዘመዴ በዚያ በኩል» አለን።

አማታችን፥ «ታዲያ ልጄ፥ እንዴት ትሆናለህ?» አሉት።

«እማማ፥ ከብቱን ውሃ ሳላጠጣ አስወጥቼ አላውቅም» ብሎ መለሰላቸው፤ ወደ እረኞቹም ሄደ።

ይህ ሰው በጥቂት ቃል የተናገረው የስድሳ ዓመት ታሪክ ነው። ፓርኩ ከመከለሉ በፊት ይህ መሬት የከረዩ ኦሮሞ፥ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በወንዙ ዳር ያለው ለም መሬት ለመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሆነ፤ ሜዳው ደግሞ ለፓርኩ ተከለለ። በድርቅ ጊዜ ወንዝ ዳር የሚሸሽ ከብት መሸሻው ጠበበበት። ቀድሞ በዚሁ ገደል አፋፍ ላይ በተሽከርካሪ ቤቶች የተዘጋጀ ሌላ የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ ስሙም «ከረዩ ሎጅ» ይባል ነበር። የሕዝቡን ስም በበሩ ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሕዝቡን ከማዕዱ ማካፈል ግን ሌላ ነገር ነው።

በሌላ በኩል አራዊቱን የሚጠብቅ ባይኖር ኖሮ ልጆቻችን ያን ማለዳ አንድ ሳላ እንኳ ባላዩ ነበር። በ1974 የስዌይን ቆርኬ የሚባለው፥ በአገራችን ብቻ የቀረው እንስሳ፥ ከሰንቀሌ ወደ አዋሽ እንዲዛወር ተደርጎ ነበር። ዛሬ ግን ይህን እንስሳ በመንጋ ማየት የሚሻ ሰው የሚሄደው ወደ ሰንቀሌና ወደ ማዜ ነው። እንስሳን ከቦታ ቦታ ማምጣት ብቻ አይበቃም፤ የሚኖርበት ሣር፥ የማይቈረጥ ግራር፥ ከሁሉም በላይ የማይጠላው ጎረቤት ያስፈልገዋል። ጎረቤቱ ደግሞ ከአራዊቱ ጥቅም ካላገኘ፥ ሳላው የልጁን ከብት ሣር የሚበላ ጠላት ሆኖ ይታየዋል። በዚህ ጕዳይ አርብቶ አደሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጥበቃውን ማቃለልም እንዲሁ።

ታዲያ እንግዳው ምን ያድርግ? እኛ በዚያ ሳለን የሚከተለውን ለራሳችን ወሰንን። አንደኛ፥ ያለ መሪ አለመሄድ፤ ለመሪውም የሚገባውን ዋጋ ሳይከራከሩ መክፈል። ገንዘቡ በቀጥታ በአገሩ ልጅ እጅ የሚገባበት መንገድ ይህ ነውና። ሁለተኛ፥ ወተትም ሆነ የእጅ ሥራ ከአካባቢው ሰው መግዛት። ሦስተኛ፥ የፕላስቲክ ጠርሙስና ከረጢት ሰብስቦ ይዞ መመለስ፤ ከብትም ሳላም ከረጢት ዋጥ አድርገው ይሞታሉ። አራተኛ፥ በአስፋልቱ ላይ ሲያልፉ መኪናን ማዝገም፤ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ከባድ መኪና ሁሉ በዚያ ያልፋልና እንስሳው በቀንም በሌሊትም መንገዱን ይሻገራል። አምስተኛ፥ ልጆች «ይህ መሬት የማን ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ ማስተማር። አልጋው የሚመች ስለ ሆነ ጥያቄውን መተው አይገባም።

ለመሄድ የሚያስብ ቤተ ሰብ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ወራት ቢመርጥ መልካም ነው፤ ዝናቡ አልፎ ሣሩ አለ፥ ሙቀቱም ይቀላል። የታኅሣሥ ቍልቢም በዚሁ ወራት መካከል ነው። አካባቢው ምድር የተንቀጠቀጠበት በመሆኑ የመንገዱንና የማረፊያውን ሁኔታ አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ይገባል። ወፍራም ጫማ፥ ባርኔጣና በቂ ውሃ መያዝም አይዘንጋ።

የሎጅ ዋጋ ለብዙ ቤተ ሰብ እንደሚከብድ እናውቃለን። ነገር ግን በመሪ እየታገዙ ማየትን ለመጀመር አዋሽ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። ከድሬዳዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፥ በደቻቱ ወንዝ በላይ ባለው ገደል ላይ፥ የጃርት ዋሻ እንደ ማለት በፈረንሳይኛ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ። በ1929 ለሊቃውንት ዓለም የታወቀው ይህ ዋሻ፥ ከአርባ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያቸውንና ቀይ የአፈር ቀለማቸውን ትተውበታል፤ ከዚያ የወጣው ቀለም ብቻ 40 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የድሬዳዋ ልጅ ስንቁን ይዞ፥ የሠፈሩን ሽማግሌ ወይም ዐዋቂ አስጐብኚ አስከትሎ፥ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ደርሶት ሊመለስ ይችላል።

ከአዋሽ በተመለስን በሳምንቱ አማታችን፥ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አለፍሁ፤ አንገቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አላውቅም ነበር። ለካ ማለፍና ማየት የተለያዩ ናቸው» አሉ። አንባቢዎቻችን በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ ሲያልፉ መጋረጃውን ይክፈቱት፤ ቢቻልም ወርደው ይደሩ። በሜዳው ላይ ሳላውን ቢያዩ ስሙን ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ ከብቱን ቢያዩም የባለቤቱን ታሪክ ይጠይቁ።